ያልመጣውን በሽተኛ ፍለጋ፦ ከግላስጎው የራጅ መኪና እስከ ዋግ ኽምራ ቀበሌዎች

ሐኪም ቤት የሚቆጥረው የመጣለትን ሰው ነው። ያልመጣው ሰው በመዝገብ አይገኝም፣ በሪፖርት አይወጣም፣ በበጀት አይታሰብም። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ያልመጣ ሰው ታሪክ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት ሲካሄድ መርማሪዎቹ በሽተኛ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። የራጅ መሣሪያ ይዘው በናሙና ወደ ተመረጡ ቀበሌዎች ሄዱ። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 46,697 ሰዎች ስለ ሳላቸው ተጠየቁ፣ ደረታቸው በራጅ ታየ፣ ያጠራጠረው ሁሉ አክታ ሰጠ። በመጨረሻ በ110 ሰዎች ላይ ጀርሙ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በግርድፉ ከ425 ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ሰዎቹ የተገኙት ሐኪም ቤት ስለሄዱ ሳይሆን ቀበሌያቸው ለጥናቱ ስለደረሰው ነው።

ሌላም ነገር ታየ። ከ110ሩ ሰዎች በተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ጀርሙ የታየባቸው 47ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት 63 ሰዎች የታወቁት አክታቸው በካልቸር፣ ማለትም ጀርሙ ለሳምንታት እንዲያድግ ተደርጎ ስለተመረመረ ነው። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው እግር ጤና ጣቢያ ሄደው ማይክሮስኮፕ ብቻ ቢያገኙ ኖሮ "ምንም የለብህም" ተብለው ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

እንዲህ ያለውን ቤት ድረስ የሚሄድ ፍለጋ ዓለም የተማረው በትልልቅ ከተሞች ነው። ሕዝብ በተጨናነቀበት፣ መንገድ ባለበት፣ ሆስፒታል በቀረበበት ቦታ ተሞክሮ ነው ዘዴው የታወቀው። ሰቆጣ ግን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከሰቆጣ ዙሪያ ያለው ገበሬም የሚኖረው ተራራና ገደል በለያያቸው ጎጦች ነው። ጥያቄው ከተማ የተማረችው ነገር ለዚህ ሕዝብ ምን ያህሉ ይሠራል የሚለው ነው።

▪️ ጀርሙ ከሐኪም ቤቱ ይቀድማል

ለብዙ ዘመን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ከሰሐራ በታች ያለችው አፍሪካ ቲቢን የማታውቅ "ድንግል መሬት" ነበረች፣ በሽታውን ይዘው የመጡት አውሮፓውያን ናቸው ይሉ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካናጉት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጀርም ዘረ መል ጥናት በአገሪቱ ያሉት የቲቢ ዝርያዎች ብዙና የተለያዩ መሆናቸውን፣ ከፊሎቹም ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት እዚህ እንደነበሩ አሳየ።

ከዝርያዎቹ አንዱ የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ በቀጥታ ይመለከታል። ተመራማሪዎች "የዘር ሐረግ ሰባት" ብለው የሰየሙት ይህ ዝርያ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ከተለየባቸው ቦታዎች አንዱ ለዋግ ጎረቤት የሆነው የወልድያ አካባቢ ነው። በላቦራቶሪ ቀስ ብሎ የሚያድግ ጀርም ነው። በአማራ ክልል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ዝርያ ያለባቸው ሰዎች ወደ ሕክምና ለመሄድ ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚዘገዩ አገኘ።

ይህ ግኝት ከሳይንስ መጽሔት አልፎ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ትርጉም አለው። "ሕዝባችን ቶሎ አይታከምም፣ ጸበል ይላል፣ ብርድ ነው ይላል" የሚለው ወቀሳ የተለመደ ነው። እውነትም ገበሬው የደረት ሕመሙን ብርድ መታኝ ብሎ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል፣ ጸበል ይሄዳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይበላል። ሆኖም ሕመሙ ራሱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ መዘግየቱ የአላዋቂነት ብቻ አይደለም። ለወራት እያሳለ ማረስና ማጨድ የሚችል ሰው ሐኪም ፍለጋ የአንድ ቀን መንገድ የሚሄድበት ምክንያት አይታየውም። እስኪታየው ድረስ ግን እሳት ዳር አብረውት ለሚያመሹት ልጆቹ ጀርሙን ያካፍላል።

▪️ ከተሞች እንዴት ፈለጉ?

ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የቲቢን ጀርም ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1936 ብራዚላዊው ሐኪም ማኑኤል ደ አብሬው የደረት ራጅን በትንሽ ፊልም በርካሽ የማንሣት ዘዴ ፈጠረ። ከዚያ ወዲያ ራጅ ከሆስፒታል ወጥቶ በመኪና ላይ ተጫነ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ማሳያ የስኮትላንዷ ግላስጎው ናት። ከተማዋ የመርከብ ፋብሪካና የጠባብ ቤቶች ከተማ ነበረች፤ ቲቢዋም በምዕራብ አውሮፓ ከባድ ከሚባሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በአምስት ሳምንት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራጅ ተነሡ። በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በር እያንኳኩ ቀሰቀሱ። ለተነሣ ሰው ባጅ ተሰጠ፣ ሽልማት ያለው ዕጣም ወጣ። በዚያ ዓመት የተገኙት በሽተኞች ቁጥር በእጥፍ ገደማ ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ቀድሞ ከነበረው ፍጥነት በላይ ወረደ። ፍለጋው የበሽተኛ ቁጥር መጀመሪያ ያበዛል፣ ኋላ ያሳንሳል። ይህን ያልተረዳ ባለሥልጣን በመጀመሪያው ዓመት ይደነግጣል።

የግላስጎው ስኬት ግን የራጅ ብቻ አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ተገኝቶ ነበር፤ አይሶኒያዚድ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር። የተገኘ በሽተኛ የሚታከምበት መድኃኒት ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። መድኃኒት በሌለበት በሽተኛ መፈለግ ለሰውየው መርዶ ከመንገር አይሻልም።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ከሕንድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመና በማድራስ ከተማ የተደረገ ጥናት ድሃ በሽተኞች በጠባብ ቤታቸው ሆነው መድኃኒት ሲወስዱ በሳናቶሪየም ከተኙት ጋር የሚመሳሰል ውጤት እንደሚያገኙ አረጋገጠ። ቤተሰቦቻቸውም ከዚያ የተነሣ ይበልጥ አልተያዙም። ይህ ውጤት ሳናቶሪየም ለሌላቸው አገሮች በር ከፈተ። አልጋ ባይኖርም መድኃኒቱና የሚከታተል ሰው ካለ ማዳን ይቻላል ማለት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1974 ግን የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በጅምላ ራጅ የማንሣቱ ሥራ እንዲቆም መከረ። ወጪው ብዙ ነው፣ በበለጸጉት አገሮች የሚገኘው በሽተኛ እያነሰ ሄዷል፣ በድሃ አገሮች ደግሞ ማሽኑና ባለሙያው የለም፤ ይልቅስ እያሳለ የሚመጣውን ሰው በጤና ጣቢያ በአክታ መርምሩ ተባለ። ምክሩ ለበለጸጉት ከተሞች ምክንያታዊ ነበር። ውጤቱ ግን ለድሆቹ አገሮችም ደረሰ። ለሚቀጥሉት ሠላሳና አርባ ዓመታት የዓለም የቲቢ ሥራ መሠረቱ "ይምጣና እንመርምረው" ሆነ።

▪️ ኢትዮጵያ ውስጥ፦ ከሦስት ከተሞች ወደ ቀበሌ

በኢትዮጵያም የቲቢ ቁጥጥር የተጀመረው በከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በአስመራና በሐረር የቲቢ ማዕከላትና ሳናቶሪየሞች ተቋቋሙ። ለአዲስ አበባ ሰው እንጦጦ ላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ ከሳንባ በሽታ ጋር ይያያዛል። ለዋግ፣ ለላስታና ለሰሜን ገበሬ ግን ሦስቱም ከተሞች ሌላ አገር ያህል ሩቅ ነበሩ።

ሕክምናን ወደ ገጠር ለማውጣት የታሰበው ቀደም ብሎ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጠባቂዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ቲቢ መቆጣጠሪያ ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1984 ዓ.ም. በሽተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት አሠራር በአርሲና በባሌ ተሞከረ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ችግር ብሎ አወጀ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተሻሻለው የመጣውን ሰው የማዳን አቅም ነው። ያልመጣውን ለማምጣት የሚያስችል ሰው በቀበሌ የተገኘው ከ1995 ዓ.ም. በኋላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30 ሺህ አለፈ። የመንደሩን ሰው በስሙ የሚያውቁ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ደመወዛቸው ከመንግሥት የሆነ ሴቶች ናቸው።

እነዚህ ሴቶች ቲቢን ለመፈለግ ቢሰማሩ ምን ይሆናል? መልሱ በሲዳማ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በያኔው ሲዳማ ዞን የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አክታ ወሰዱ፣ ስላይድ አዘጋጁ፤ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በሞተር ብስክሌት ወደ ላቦራቶሪ አደረሱ። በአክታ የተረጋገጠ በሽተኛ የሚመዘገብበት መጠን ከ100 ሺህ ሕዝብ 64 የነበረው 127 ደረሰ። ሕክምናውን በስኬት የጨረሰውም ከ77 በመቶ ወደ 93 በመቶ ከፍ አለ። ከተመረመሩት ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የገጠር ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ሌላ ሴት ጓዳዋ ድረስ ስትመጣ ግን ሦስቱም አያስፈልጉም።

▪️ ዋግ፦ ረሀብ፣ መንገድ፣ ጦርነት

ሰቆጣ ድሮ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፣ የአሞሌ ጨው ቅፍለት የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ ወጥቶ በትግራይ በኩል የሚመጣው ጨው እዚህ ይራገፍ ነበር። ኋላ አካባቢው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ዋግ አውራጃ ሆነ፤ ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ ሰሐላ፣ አበርገሌ፣ ጻግብጂ፣ ሰቆጣ ዙሪያ እያለ እስከ ተከዜ ቆላ ይወርዳል።

የዋግ ስም በሌላው ኢትዮጵያዊ ጆሮ ከድርቅ ጋር ተያይዟል። በ1966 የወሎ ረሀብ፣ በ1977ም እንዲሁ። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ዓለምን ያስደነገጠው የቴሌቪዥን ዘገባ የተቀረፀው ኮረም ላይ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከተኮለኮለው ሕዝብ ብዙው ከዋግና ከላስታ በእግሩ የመጣ ነበር። ቲቢ የሚወደው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ጀርሙ በብዙ ሰው ሳንባ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ሰውነት ሲራብ ይነቃል። የተራቡ ሰዎች በአንድ መጠለያ ተጨናንቀው ሲያድሩ ደግሞ ይዛመታል። የአንድ ዓመት ረሀብ በቲቢ መዝገብ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ጭምር ነው።

ከዚያ የቅርቡ ጦርነት መጣ። ሰቆጣ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። በጦርነቱ በአማራም በትግራይም ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣና ዝቋላ ላይ በመጠለያ ኖሩ። ሰላም ወረደ ሲባል ድርቅ ተከተለ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። የቲቢ መድኃኒት በአብዛኛው ለስድስት ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቋረጥ መድኃኒት መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ይፈጥራል። ያንን ማከም ከባድም ውድም ነው፤ በኢትዮጵያ ሕክምናው በቅዱስ ጴጥሮስ የተጀመረው ገና በ2001 ዓ.ም. ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። በዋግ ገጠር ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኽምጣና ነው። "ሁለት ሳምንት አስሎሃል? ማታ ማታ ያልብሃል? ክብደት ቀንሰሃል?" የሚሉት የልየታ ጥያቄዎች በአማርኛ ተጽፈው ሲመጡ ከአንዲት ሽማግሌ እናት የሚገኘው መልስ ጥያቄውን እንዳስተረጎመው ሰው ችሎታ ነው። በዚህ ረገድ የቀበሌዋ ልጅ የሆነች ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከየትኛውም ማሽን ትበልጣለች።

▪️ ሁሉንም መመርመር ወይስ መርጦ መፈለግ?

ጅምላ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተተወ በኋላ ቀስ ብሎ ተመልሷል። በሐራሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሁለት መንገዶች ተወዳደሩ፦ በየሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚቆም መኪናና በር እያንኳኩ መጠየቅ። ብዙ በሽተኛ ያገኘው መኪናው ነው። በፍለጋው ዘመን በካልቸር የተረጋገጠ ቲቢ ከ1,000 አዋቂ 6.5 የነበረው ወደ 3.7 ወረደ። በቬትናም ገጠራማ ካ ማው ግዛት ደግሞ አዋቂዎችን ሁሉ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ በዘመናዊው የጂን ኤክስፐርት ማሽን የመረመሩ መንደሮች ካልመረመሩት ይልቅ ቲቢያቸው በ44 በመቶ አንሶ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ፍለጋ በከተማ ብቻ የሚሠራ ነገር አለመሆኑን ያሳየው ይህ ነው።

በሌላ በኩል በዛምቢያና በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ሰውን ቀስቅሶ አክታ እንዲያመጣ ማድረጉ ብቻ ስርጭቱን እንዳልቀነሰ አሳየ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን የሚችለው ዛሬ ይበልጥ ተብራርቷል። በየአገሩ በተደረጉ የስርጭት ጥናቶች ጀርሙ ከሚገኝባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አይናገሩም። "ያስልሃል?" ተብለው ሲጠየቁ "አይ" ይላሉ፤ አይዋሹም። እነሱን የሚያሳየው ራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኮምፒውተር የሚያነበውን ራጅ ለልየታ ሲፈቅድ፣ ከ47 ዓመት በፊት የተጣለው መሣሪያ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ዛሬ በቦርሳ የሚያዝ ራጅ አለ፤ የራጅ ሐኪም በሌለበት ቦታም ሊሠራ ይችላል።

ታዲያ የዋግን ሕዝብ ሁሉ መመርመር ይገባል? እዚህ ላይ ስሌቱ ይከብዳል። ድርጅቱ መላውን ሕዝብ መመርመር የሚመክረው ቢያንስ ከ100 ሺህ ሰው 500ው ቲቢ አለበት ተብሎ በሚገመትበት አካባቢ ነው። በ2003ቱ ጥናት የኢትዮጵያ አማካይ ከ100 ሺህ አዋቂ 277 ነበር። ይህ ማለት፣ ለምሳሌ ያህል፣ ከመቶ ጤነኛ አንዱን ብቻ በስህተት "በሽተኛ" የሚል ጥሩ መመርመሪያ 277 እውነተኛ በሽተኞችን ለማግኘት ወደ 1,000 ጤነኞችን ያስደነግጣል። ስድስት ወር የማያስፈልገውን መድኃኒት የሚውጥ፣ በጎረቤት የሚሸሽ ሰው ይኖራል ማለት ነው። ጅምላ ፍለጋን የሚቃወሙ ባለሙያዎች ክርክር ከገንዘብ ብቻ የመጣ አይደለም።

መልሱ ያለው በአማካዩ ውስጥ በተደበቀው ልዩነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጎንደር ማረሚያ ቤት የታተመ ጥናት ያገኘው መጠን ከ100 ሺህ ወደ 1,480 ይጠጋል፤ ከአገሪቱ አማካይ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ዋግ በጥቅሉ ገጠር ቢሆንም የከተማን መጨናነቅ የሚመስሉ ትንንሽ ቦታዎች አሉት፦ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ማረሚያ ቤት፣ የአብነት ተማሪዎች ጎጆ፣ ከመተማና ከሑመራ የቀን ሥራ ተመላሾች የሚያድሩባቸው ቤቶች። ቲቢ የወጣበት ሰው ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች በአሜሪካ ርዳታ የሠራው ሂል ቲቢ ፕሮጀክት የበሽተኞችን ቤተሰብ እየተከታተለ ሲመረምር፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ታክመው የዳኑ ሰዎች ቤት ድረስ ተመልሶ ሄዷል።

ለዋግ ከግላስጎው የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ የራጅ መኪና አምጥቶ ሁሉንም ማሰለፍ ላይሆን ይችላል። ሕዝቡ ቀድሞውኑ በሚሰለፍበት ቦታ መገኘት ነው። በዋግ ወረዳዎች ሴፍቲኔት የሚቀበለው ሰው ይሰለፋል፤ የተጎዳ ሕፃን ያላት እናት ለአልሚ ምግብ ትሰለፋለች፤ በገበያ ቀን ሕዝብ ከየጎጡ ይወጣል። እነዚህ ሰልፎች የሚሰበስቡት ደግሞ በትክክል ቲቢ የሚያጠቃውን፣ ድሃውንና የተራበውን ሰው ነው።

▪️ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ያልጠራው በሽታ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህች ከተማ ስም አንድ ቃል ገባ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማጥፋት ነው። መጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ፣ በአማራና በትግራይ ባሉ 40 ወረዳዎች ተሞከረ። ጤና፣ ግብርና፣ ውኃ፣ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ የተደረገበት ሥራ ነው።

ቃል ኪዳኑ የታሰበው ለሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሕንድ ጃርክሃንድ ግዛት የወጣ ውጤት ግን በምግብና በቲቢ መካከል ያለውን ዝምድና ከግምት ወደ ማስረጃ አሸጋገረው። ከ10 ሺህ በላይ የቲቢ በሽተኞች የቤተሰብ አባላት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ከፊሎቹ በየወሩ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቪታሚን ተሰጣቸው። ምግብ ያገኙት ቤተሰቦች በቲቢ የመያዛቸው ዕድል በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ተላላፊ በሆነው የሳንባ ቲቢ ደግሞ በ48 በመቶ። ብዙ ክትባቶች የሚመኙት ውጤት በእህል ተገኘ።

ይህ ለሰቆጣ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአንድ ቀበሌ አንዲት ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሕፃኑን ክንድ ትለካለች፤ ሌላ ቀን የአባትየውን ሳል ትጠይቃለች። ሁለቱ ቅጾች ወደ ተለያዩ ቢሮዎች ይሄዳሉ። የአባት ሳል ግን ለሕፃኑ መቀጨጭ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የቤቱ ረሀብም ለአባት ሳል። አንዱን ቤት አንድ ጊዜ አንኳኩቶ ሁለቱንም መጠየቅ አዲስ በጀት አይፈልግም፤ የሚፈልገው የቅጽ ለውጥና የሁለት ቢሮዎች ስምምነት ነው።

▪️ ገንዘቡ ሲቆም

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመሙ ተብሎ ሲገመት፣ ተመርምሮ የተመዘገበው 8.2 ሚሊዮን ነው። የቀሩት ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች የትም መዝገብ ላይ የሉም። ኢትዮጵያ ብዙ በሽተኛ ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒቱን በለመደው ቲቢ ከተጠቁ አገሮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2021 መውጣቷ ግን እውነተኛ ድል ነው።

ይህ ሥራ ለዓመታት የቆመው በከፊል በውጭ ገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚቋረጠው ፍለጋው ነው። መድኃኒት ቢቋረጥ በሽተኛው ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል። ፍለጋ ቢቋረጥ ግን ማንም አይጮኽም። የተመዘገበው ቁጥር ይቀንሳል፣ ሪፖርቱም ያማረ ይመስላል።

በዚህ ምክንያት የአንድ ዞን የቲቢ ቁጥር ሲወርድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሁለት ነው፦ በሽታው ቀንሶ ነው ወይስ ፈላጊው ቀንሶ? በዚያ ሩብ ዓመት ስንት ሰው አክታ ሰጠ? ከስንት በሽተኛ ቤት ቤተሰቡ ተመረመረ? ከመጠለያው፣ ከማረሚያ ቤቱስ? እነዚህን አራት ቁጥሮች ከበሽተኛው ቁጥር ጎን በየሩብ ዓመቱ ማውጣት ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚከብድ አይደለም። ቁጥሮቹ ባዶ በሆኑበት ቀበሌ ቲቢ የለም ማለት አይቻልም።

ግላስጎው በአምስት ሳምንት ከ700 ሺህ በላይ ሰው ያሰለፈችው ሀብታም ስለነበረች ብቻ አይደለም። ከተማዋ የማታውቀውን በሽተኛ የራሷ ዕዳ አድርጋ ስለቆጠረችው ነው። በዋግ ኽምራ ያንን ዕዳ የሚሸከሙት በየቀበሌው ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ የአክታ ዕቃ፣ ከኋላቸው አክታውን ሰቆጣ የሚያደርስ ሰው፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ደመወዝ ካለ ፍለጋው ይቀጥላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ሰውየው ጋቢውን ደርቦ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ብርድ መታኝ ይላል፣ ልጆቹም ዙሪያውን ከበው ያመሻሉ።